ፋኑ እያጉረመረመ አልዞርም ሲል

የጣሪያ ፋናችሁ ፍጥነቱ ከቀነሰ፣ ወይም እያጉረመረመ አልነሳም ካለ ‹ሞተሩ ተቃጥሏል› ብላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው። ሞተሩን ከቆመበት የሚያስነሳው ይህች ትንሽ ዕቃ ናት። እያረጀች ስትሄድ አቅሟ ይወርዳል፣ ፋኑም አብሯት ይደክማል።

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አይበቃም። ከዚያ ክንፉን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ያለ ድምፅ ለስለስ ብሎ ከዞረ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። ከከበደ ወይም ከተንኳኳ ግን ነገሩ የኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም። የመቃጠል ሽታ ካለ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሞተሩን ሽቦ እንደ አዲስ ማስጠቅለሉ ያዋጣል ወይ ብሎ ማስላት ነው።

ያያችሁትን ለባለሙያው በስልክ ንገሩት፤ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ ምልልሱ ይቀርላችኋል። ሲቀይር አጠገቡ ቁሙ። አሮጌው ላይ 2.5 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ ነው) ከተጻፈ አዲሱም ያው ይሁን፤ ቮልቱም ከአሮጌው ማነስ የለበትም። ‹ማይክሮፋራዱ ከፍ ያለ ቢገባለት ይፈጥናል› የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ፤ ሞተሩን ያግለዋል። የተነቀለውን ካፓሲተር ልጆች አንስተው እንዳይጫወቱበት፤ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

እግረ መንገዱን ፋኑ የተንጠለጠለበትን ብሎን ያጥብቅላችሁ። እኔማ ይሄኛውን ከካፓሲተሩም አስበልጬ ነው የማየው። የሚዞረው ከራሳችን በላይ ነዋ!