ዘይትና የሳንባ ጠባሳ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ገበያ ተልባ የሚሸጡልኝ እናት «ለጨጓራም ለሳንባም ነው» እያሉ ይመርቁልኛል። የጨጓራው የቆየ ልማድ ነው፤ የሳንባው ግን ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ምክንያቱም የሳንባ ጠባሳ የአየር ከረጢቶቹ ስስ ግድግዳ ወፍሮና ደድሮ ኦክስጅንን ወደ ደም በቀላሉ ማሳለፍ ሲያቅተው የሚከሰት ከባድ ሕመም ነው።

ቀዳሚው ስህተት በአይጥ ላይ የታየን ውጤት ለሰው እንደተረጋገጠ ሕክምና መቁጠር ነው። ተልባ የተመገቡ አይጦች በጨረር ከሚመጣ የሳንባ ጠባሳ የተሻለ ጥበቃ እንዳገኙ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ይሁን እንጂ ብሊዮማይሲን በተባለው የካንሰር መድኃኒት አማካይነት ለምርምር የሚፈጠረው የአይጥ ጠባሳ ከጊዜ በኋላ በከፊል በራሱ የሚሽር ሲሆን፣ መንስኤው ያልታወቀው የሰው ጠባሳ ግን እየባሰ ይሄዳል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀዱት ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ የተባሉት መድኃኒቶች እንኳ ሂደቱን ያዘገዩታል እንጂ ጠባሳውን አያጠፉትም፤ በተልባ ተማምኖ መድኃኒት ማቋረጥ ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሌላው ፍሬውንና ዘይቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አይጦቹ የተመገቡት የተፈጨውን ፍሬ ሲሆን፣ ለጥበቃው ድርሻ አለው ተብሎ የሚታሰበው ሊግናን የተባለው ንጥረ ነገር ተልባው ሲጨመቅ በአብዛኛው ከፋጉሎው ጋር ይቀራል፤ የዘይቱ ድርሻ ኦሜጋ ሦስት የተባለው የቅባት ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ በአብዛኛው ኦሜጋ ስድስት በመሆኑ አንዱን በሌላው መተካት አያስኬድም።

የተልባ ዘይት ቶሎ ስለሚጨስ ለመጥበሻ አይሆንም። ሐይቁ ዳር ካሉ መጥበሻ ቤቶች በአንዱ ቆሜ እንዳየሁት፣ ጠዋት ወርቃማ የነበረው ዘይት ከሰዓት በኋላ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ ቆሮሶ ዓሣ በተጨመረበት ቁጥር ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይለቅ ነበር። ስለ ዘይቱ ዓይነት የምንከራከረውን ያህል ጠባሿ ቀኑን ሙሉ ስለምትስበው ጭስ አለመነጋገራችን ይገርመኛል።

ከሁሉ የሚከፋው ዘይት ወይም ቅቤ በአፍንጫ መጨመር፣ ሕፃንንም በግድ ማስዋጥ ነው። ዘይት ሳል ሳይቀሰቅስ ወደ ሳንባ ሊወርድ፣ እዚያም ቆይቶ ብግነት ሊያስነሳና ራሱ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ራጅ ላይ ተራ የሳንባ ምች ሊመስል ስለሚችል፣ ዘይት ተሰጥቶ ከነበረ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ መንገር ያስፈልጋል።