ተቀያሪ ጎማን በቫን የኋላ በር ላይ መስቀል

ከደሴ ወደ ኩታበርና ወደ ደላንታ የሚሠራ፣ ወይም የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ዕቃ የሚያመላልስ ቫን ያለው ሰው፣ ተቀያሪ ጎማው የተቀመጠበት ቦታ ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ሳይነገረው ያውቀዋል። ከወለሉ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ ጎማ ክረምት ሲገባ በጭቃ ይለበጣል፤ የማውረጃው ሰንሰለት ይዝጋል፤ ጎማ በፈነዳበት ሰዓትም ሹፌሩ በጭቃ ላይ በጀርባው ተኝቶ ይታገለዋል። ጣሪያ ላይ ቢጫን ለማውረድ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የዕቃውንና የተሳፋሪውን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ብዙዎች የኋላውን በር ይመርጣሉ። ምርጫው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በሩ ግድግዳ አለመሆኑን፣ በሁለት ወይም በሦስት ማጠፊያ ብቻ የተያዘ ቀጭን ላሜራ መሆኑን ከመጀመሪያው ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ የሚመለከተው የኋላ በራቸው እንደ ቤት በር ወደ ጎን የሚከፈተውን ቫኖች ነው። እንደ አብዛኞቹ ሃይስ ሚኒባሶች በሩ ወደ ላይ የሚነሣ ከሆነ ጎማውን በሩ ላይ መስቀል ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱም በሩን ከፍቶ የሚይዙት የጋዝ ዘንጎች የተሠሩት ለበሩ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ከሃያ ኪሎ በላይ ሲጨመርባቸው በሩ ዕቃ በሚያወርደው ሰው ራስ ላይ ሊወርድ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና መፍትሔው ከሻንሲው (ከመኪናው የታችኛው አጽም) ጋር የተያያዘና ከበሩ ተለይቶ በራሱ ማጠፊያ የሚዞር ክንድ ማሠራት ነው። ነገሩን በትክክል ተሠርቶ ማየት የሚፈልግ ሰው በየጤና ጣቢያው ደጃፍ የሚቆመውን ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ አምቡላንስ ከኋላ ይመልከት። ጎማውን በኋላ በሩ ላይ ተሸክሞ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ስለሆነ፣ ማጠፊያዎቹና የጎማ መስቀያው ለዚሁ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የእኛም ሥራ ይህንኑ ጥንካሬ በሌለበት በር ላይ መፍጠር ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ መኪናዬ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መስቀያ ያሠራሁበት ጋራዥ አራት ብሎን በውጭው ላሜራ ላይ አሳልፎ፣ ከውስጥ ትናንሽ ሮንዴላ (ክብ የብሎን ሥር ቀለበት) አድርጎ አጥብቆ ሰጠኝ። ለዓይን የሚያምር ሥራ ነበር። ወደ ኩታበር ጥቂት ወራት ከተመላለስኩ በኋላ ግን ከኋላ የሚንቋቋ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ጎማውን አውርጄ ስመለከት፣ ከላይኛው የግራ ብሎን ቀዳዳ ተነሥቶ ቀለሙን እየሰነጠቀ የሚወርድ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ፤ በጣቴ ጫን ስለው ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወደ ውስጥ ገባና ተመለሰ። ብሎኑ አልላላም ነበር፤ የተበላው ብሎኑን የያዘው ላሜራ ነበር።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአንድ ቫን ጎማ ከቸርኬው (ጎማው ከሚለብሰው ክብ ብረት) ጋር ሃያ አምስት ኪሎ ይመዝናል እንበል። መካከሉ ከማጠፊያው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢሰቀልና በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ የላይኛው ማጠፊያ ወደ 14 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ጎን ይሳባል፤ ይህም በሩ ራሱ ከሚጭንበት በተጨማሪ ነው። መንኮራኩሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይህ ኃይል ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ በአንድ ጉዞ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ጎማው ወደ ማጠፊያው ቀርቦ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሰቀል ያው ኃይል ወደ 8 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። የመስቀያው ቦታ ከብረቱ ውፍረት የበለጠ ዋጋ አለው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ ማጠፊያው ይመረመራል። በሩን እኩሌታ ያህል ከፍተው፣ መያዣው ያለበትን የበሩን ጫፍ በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሥተው ይልቀቁት። ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም ማጠፊያው ውስጥ ትንሽ መንሸራተት ከታየ፣ ፒኑና ቡሹ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) አልቀዋል ማለት ነውና እነርሱ ሳይለወጡ ሥራው አይጀመርም። ማጠፊያው የታሰረበት የአካሉ ምሰሶ ዝገት ካለበትም መጀመሪያ ወደ ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) ይሂድ።

ቀጥሎ ከሁለቱ በሮች አንዱ ይመረጣል። በአብዛኞቹ ቫኖች አንደኛው በር ቀድሞ ይከፈታል፤ ሌላው ደግሞ ከላይና ከታች በመወርወሪያ ተይዞ የሚቆይና አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈት ነው። ጎማው በዚህ በሁለተኛው በር ላይ ቢሆን ማጠፊያው ቀን ከቀን ከመመላለስ ይድናል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። እኛ በቀኝ መስመር ስለምንነዳ፣ መንገድ ዳር ቆመን የግራውን በር 90 ዲግሪ ስንከፍት የበሩ ውጫዊ ፊት ወደ ተሽከርካሪው መንገድ ይዞራል፤ በላዩ የተሰቀለው ጎማም ከመኪናው ጎን ሃያ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ መንገዱ ይወጣል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ የቀኙ በር ይመረጥ። የትኛውም ቢመረጥ ታርጋው፣ የፍሬን መብራቱ፣ የበሩ መያዣና የኋላ ካሜራ ካለም ካሜራው መሸፈን የለባቸውም፤ ታርጋ የተሸፈነበት መኪና ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብም ችግር ይገጥመዋል። የመኪናውን አካል መቀየር ፈቃድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ትራፓኖ (የኤሌክትሪክ መብሻ) ከመነሣቱ በፊት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ልኬት ይወሰዳል። ጎማውን የቸርኬው ውጫዊ ፊት ወደ ላይ እንዲሆን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያስተኙት፤ ከዚያም የመንኮራኩሩ ብሎኖች የሚገቡበት የቸርኬው መካከለኛ ክፍል የውስጥ ፊቱ ከመሬቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ በሜትሮ ይለኩ። ይህ ቁጥር መስቀያው ከበሩ ፊት ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ይነግራል። ለምሳሌ 13 ሳንቲ ሜትር ከተገኘ፣ በበሩ ላይ ከሚለጠፉት የጎማ ትራሶች ውፍረት ጋር ተሰልቶ፣ ጎማው ሲጠብቅ ትራሶቹን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ጫን እንዲል ይደረጋል። ጎማው ከትራሱ ጋር ካልተገናኘ በጉዞ ይርገበገባል፤ ከመጠን በላይ ከተጫነ ደግሞ ላሜራውን ያጎብጣል። መስቀያው አጭር እንዲሆን ብለው ቸርኬውን ገልብጠው የሚሰቅሉ አሉ፤ ነገር ግን የዳዶዎቹ (ብሎን ላይ እየዞሩ የሚጠብቁት ብረቶች) ሾጣጣ ጫፍ በቸርኬው ቀዳዳ ልክ ስለማይቀመጥ ቶሎ ይላላል፤ የነፋስ መሙያውም ወደ በሩ ዞሮ ጎማው ሳይወርድ ነፋሱን መለካት አይቻልም።

የመስቀያው አጽም ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይሠራል። ሁለት ቋሚዎች ከላይኛው ማጠፊያ ከፍታ እስከ ታችኛው ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው አግዳሚ ይበየዳል፤ በአግዳሚው ላይ ደግሞ በተለካው ርዝመት ወደ ውጭ የወጣ አንገትና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳህን ይቀመጣል። ሳህኑ በቸርኬው ቀዳዳዎች ልክ ይበሳና ብሎኖቹ ከኋላ ገብተው የብሎኖቹ ራስ ብቻ በነጥብ ብየዳ በትንሹ ይያዛል፤ ባለ ስድስት ቀዳዳ ቸርኬ በሦስት ብሎን፣ አንድ እየዘለለ፣ በደንብ ይያዛል። ብየዳው በሙሉ ከመኪናው ውጭ ማለቅ አለበት። የበሩ ላሜራ ቀጭን ስለሆነ በእሳት ይቀልጣል ወይም ይጣመማል፤ ከበስተኋላው የተደበቁ ገመዶችና የጨርቅ ሽፋኖችም ሊነድዱ ይችላሉ።

የሥራው ልብ ቀዳዳው ነው። የበሩን የውስጥ ሽፋን አውልቀው በባትሪ ብርሃን ውስጡን ይመልከቱ፤ የቁልፉ ዘንግ፣ የመብራቱ ገመድና የመስታወት መጥረጊያው ሞተር የሚያልፉበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በሩ ሁለት ላሜራ ነው፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። ብሎን ሁለቱን አልፎ ሲጠብቅ ይህ ባዶ ቦታ ይጨፈለቃል፤ ላሜራው ጎድጎድ ይላል፤ ጎድጎድ ያለ ላሜራ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ቁራጭ የብረት ቱቦ ይለበሳል። የሁለቱን ላሜራዎች ርቀት ለማወቅ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ በቀዳዳው አስገብተው የውጭውን ላሜራ ከውስጥ በኩል ይንኩና በጥፍርዎ ምልክት ይዘው ያውጡት። ቱቦው በዚያው ልክ፣ ከተቻለም ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይበልጥና ሳያንስ ይቆረጣል፤ ጫፎቹም በሞረድ ይስተካከላሉ። ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን የውጭው ቀዳዳ 10 ተኩል፣ የውስጡ ግን ቱቦውን የሚያስገባ መሆን ይኖርበታል። ቀዳዳው መጀመሪያ በነጥብ መምቻ ይመታል፤ በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል።

ትራፓኖው የተፋው የብረት ፍርፋሪ በበሩ ሆድ ውስጥ መቅረት የለበትም። በማግኔት ተለቅሞ ይውጣ፤ በደሴ ጉምና ዝናብ ይህ ፍርፋሪ በአንድ ክረምት ዝጎ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። የቀዳዳው ጠርዝም በሞረድ ተለስልሶ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ብሎን ማስገባት የሥራውን ዋጋ ያጠፋል።

ከውስጥ በኩል በትንንሽ ሮንዴላ ፈንታ፣ በእያንዳንዱ ቋሚ ትይዩ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ይደረጋል። በአጽሙና በውጭው ላሜራ መካከል ስስ የጎማ ጓርኒሲዮን (ውኃ መከላከያ ንጣፍ) ይገባል፤ የብሎኖቹ ዙሪያ በሲሊኮን ይታሸጋል። ብሎኖቹ በራሳቸው አናት ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ዳዶዎቹም ራሳቸውን የሚቆልፉ ቢሆኑ ይመረጣል። አሥር ሚሊ ሜትሩን ብሎን ለማጥበቅ 50 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃል፤ መለኪያ ያለው ቁልፍ የሌለው ሰው በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ያህል ጉልበት ቢያሳርፍ ይደርስበታል። ብሎኖቹ በሰያፍ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ።

ጎማው ከተሰቀለ በኋላ በሩ ሲዘጋ ወደ ታች ወርዶ የቁልፉን መያዣ የሚመታ ከሆነ፣ በመኪናው አካል በኩል ያለው ይህ መያዣ በጥቂቱ ይስተካከላል እንጂ በሩ በኃይል አይዘጋም። በበሩ ጠርዝና በአካሉ መካከል ሁለት ጠንካራ የጎማ ትራስ መጨመር ክብደቱን ከማጠፊያው ላይ ያቃልላል። የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ የተከፈተ በር በጎማው ክብደት ተጎትቶ በድንገት ይወረወራል፤ ከኋላው ሕፃን ልጅ ቢቆም የሚደርሰውን ማሰብ ይበቃል። ስለዚህ ጠንካራ የበር ማቆሚያ ዘንግ፣ ቢያንስ መንጠቆ ያለው ሰንሰለት፣ ሳይገጠም መኪናው ከጋራዡ መውጣት የለበትም። ከዳዶዎቹ አንዱ በቁልፍ የሚከፈት ቢሆን ጎማው ከሌባ ይጠበቃል።

ተሰቅሎ የሚውል ጎማ ፀሐይ ስለሚያገኘው ከወፍራም ሸራ ሽፋን ይሰፋለት፤ ነፋሱም በወር አንድ ጊዜ ይለካ። በጎኑ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ አራት አኃዝ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያል፤ 2321 የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

በመጨረሻም በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ ከዳዶው ወደ ብሎኑ የሚሻገር አንድ ቀጭን የነጭ ቀለም መስመር ያስምሩ። ከዚያ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ደርሰው ይመለሱ፤ ደርሶ መልሱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ሲገቡ መስመሮቹን ይመልከቱ፤ የተሰበረ መስመር ካለ ያ ዳዶ ዞሯልና ያጥብቁት፤ መስመሩንም እንደ አዲስ ያስምሩ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይህንኑ ይድገሙ፤ ከዚያ በኋላም ዘይት በተቀየረ ቁጥር መስመሮቹን እያዩ፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለውን ቀለም በጣትዎ እየዳሰሱ ስንጥቅ አለመኖሩን ያረጋግጡ።