በእጅ ቶርኖ ወይስ በማሽን? አነስተኛ የእንጨት ዕቃ ሐዋሳ ላይ ለሚያሠሩ

የረከቦት እግር፣ የመሳቢያ መጎተቻ፣ የማኅተም እጀታ ወይም ክዳን ያለው የቅመም ዕቃ ለማሠራት ወደ እንጨት ሥራ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ዕቃው በቶርኖ (እንጨቱ እየተሽከረከረ በሚቀረጽበት መሣሪያ) ላይ በእጅ ይቀረጽ ወይስ በማሽን የሚለውን መወሰን ያስፈልጋል፤ ዋጋውም፣ የሚፈጀው ጊዜም፣ የዕቃው ውበትም የሚከተሉት ይህንን ውሳኔ ነውና።

በእጅ የተሠራ ሲባል ሞተር የሌለበት ሥራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በሁለቱም መንገድ እንጨቱን የሚያሽከረክረው ሞተር ሲሆን ልዩነቱ ያለው መቁረጫው ላይ ነው። በእጅ ቶርኖ ባለሙያው መሮውን ከፊቱ ባለው መደገፊያ ብረት ላይ አስደግፎ፣ ቅርጹን በዓይኑ እየተከተለ ያወጣዋል። በማሽን ቶርኖ ግን ቅርጹ አስቀድሞ በቢላው ላይ ተሞርዶ ወይም በፎርማ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ፣ ሠራተኛው እንጨቱን ለማሽኑ ከማጉረስና የተሠራውን ከማውጣት በቀር በቅርጹ ላይ እጁን አያስገባም።

የማሽኑ ወጪ ከሞላ ጎደል የሚያልቀው የመጀመሪያው ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ቢላው ይሞረዳል፣ ማሽኑ ይስተካከላል፣ ለሙከራ ጥቂት እንጨት ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ፦ የዝግጅቱንና የአንዱን ዕቃ። ለምሳሌ ያህል ዝግጅቱ 6,000 ብር፣ በማሽን የሚወጣው አንድ መጎተቻ 15 ብር፣ በእጅ የሚሠራው ደግሞ 60 ብር ነው እንበል። በአንድ መጎተቻ ላይ ያለው ልዩነት 45 ብር ስለሆነ፣ 6,000 ለ45 ሲካፈል 133 እና ጥቂት ይመጣል። በዚህ ስሌት ከ134 ፍሬ ጀምሮ ማሽኑ ይረክሳል፤ ከዚያ በታች ለሆነ ትእዛዝ የእጅ ሥራው ያዋጣል። ቁጥሮቹ ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ዕቃ እንደሚያሠሩ እርግጠኛ ከሆኑ፣ ቢላው እንዲቀመጥልዎ ተስማምተው የዝግጅቱን ወጪ ለሁለቱም ትእዛዝ ማካፈል ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቅርጹ ራሱ አንዱን መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የማሽኑ ቢላ የሚገባው ከጎን በመሆኑ ጠባብና ጥልቅ ቦይ፣ እንዲሁም አፉ ጠቦ ሆዱ የሚሰፋ ዕቃ አይሆንለትም። ርዝመቱ ከውፍረቱ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ቀጭን ዘንግም ሰፊ ቢላ በአንድ ጊዜ ሲጫነው ይለመጣል፤ መሐሉ ይወፍራል ወይም ይሰበራል። በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ግን እንጨቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከድምፁ ያውቀዋል፣ በግራ እጁ ጣቶች ከኋላ ደገፍ አድርጎ መሮውን ያቀልለታል። ጉጥ ያለበትን ወይም ቃጫው የተጠማዘዘውን ወይራም በዚሁ መንገድ ያልፈዋል። ማሽኑ ጉጡንና ጉጥ የሌለበትን በአንድ ጉልበት ስለሚመታ፣ ለማሽን የሚቀርብ እንጨት ቀጥ ያለና ንጹሕ መሆን አለበት።

«በእጅ ከሆነ አራቱ እግሮች እኩል አይመጡም» የሚለው ስጋት ለአራት እግር አይሠራም። የባለሙያውን ስንጥር ማየት በቂ ነው፤ አንድ ስስ ጣውላ ላይ የእያንዳንዱ ቦይና የእያንዳንዱ እብጠት ቦታ በእርሳስ ተሰምሯል። ጣውላውን ከሚሽከረከረው እንጨት አጠገብ ይዞ በእርሳሱ ነካ ነካ ሲያደርገው መስመሮቹ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ከዚያ ውፍረቱን በካሊፐር እየለካ ይወርዳል። በዚህ አኳኋን የተሠሩ እግሮችን ጎን ለጎን አቁሞ የሚለያያቸውን ለማግኘት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። ሁለት መቶ የመሳቢያ መጎተቻ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲደረደር ግን ጥቂቷ ልዩነት ትደማመራለች፤ እዚያ ላይ ማሽኑን እመርጣለሁ።

አጨራረሱን ሲመለከቱ ዕቃውን ወደ መስኮት ይዘው ያዘንብሉት። በደነዘ ቢላ የወጣ ዋንዛ ቃጫው በተቆረጠበት በኩል ተቦጭቆ ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ ቫርኒሽ ሲነካው ያ ቦታ ይጠቁራል። እየተሽከረከረ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ዕቃ ደግሞ ዙሪያውን የቀለበት ጭረት ይይዛል። በ120፣ ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻም በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንዲፈተግና የመጨረሻው ፍትጊያ ማሽኑ ቆሞ በቃጫው አቅጣጫ እንዲሆን በትእዛዙ ላይ ያስጽፉ።

እንጨቱ ካልደረቀ ሁለቱም መንገድ ከንቱ ነው። አንድ ክረምት ላይ ክዳን ያላቸው ስድሳ የቅመም ዕቃዎች አሠርቼ፣ ስረከብ እያንዳንዱ ክዳን በደስ የሚል ድምፅ ይገጥም ነበር። ጥር ላይ ግን ግማሾቹ አልከፈት አሉ። አፋቸው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆኖ ነበር። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ዳር ከሚኮማተረው በግምት እጥፍ ያህል ነው፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ለቤት ውስጥ ዕቃ የእርጥበቱ መጠን ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ሥራ ቤቱ መለኪያ ከሌለው አንዱን ቁራጭ መዝነው፣ ደረቅ ቦታ ለሁለት ሳምንት አስቀምጠው መልሰው ይመዝኑት፤ ክብደቱ ከቀነሰ እንጨቱ ገና አልደረቀም ማለት ነው። እንጨቱን ሲመርጡም ለብዙ ፍሬ ትእዛዝ በአርሶ አደሮች ማሳ ዳር የተተከለ ግራቪሊያ ካለ ይጠይቁ፤ ወይራና ዋንዛ ለጥቂት፣ በእጅ ለሚሠሩ ዕቃዎች ቢቆጠቡ ይሻላል።

ብዛቱ ወደ ማሽን ካመራ፣ ቢላው ከመሞረዱ በፊት አንድ ናሙና በእጅ አሠርተው ለጥቂት ቀናት ይጠቀሙበት። መጎተቻ ከሆነ መሳቢያው ላይ ያስገጥሙት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይክፈትበት፤ በወረቀት ላይ ያማረ አንገት ለጣት የሚጠብ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ናሙናው ሲስማማዎ ሁለት ያሠሩ፤ አንዱ ለሥራ ቤቱ ይሰጥ፣ ሌላው በእጅዎ ይቅር። ዕቃውን ሲረከቡ ከጆንያው ሥር አሥር ፍሬ አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ከናሙናው ጎን ያቁሟቸው፤ ከላይ የተቀመጡት ቢላው ስለታም ሳለ የወጡት ሊሆኑ ይችላሉ።