ዝንጅብል የሚያባብሰው ቃር፦ የአዩርቬዳ ችግርና መፍትሄ

ደረት ሲያቃጥል የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዝንጅብል ነው። ሆድ ያፍታታል ይባላል፤ ያፍታታልም። ይህንኑ ለአንድ የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ሐኪም ብትነግሩት ግን ከመልሱ በፊት ጥያቄ ይደረድራል። የሚያቃጥልዎት ባዶ ሆድ ላይ ነው ወይስ ከምግብ በኋላ? ግሳቱ ይኮመጥጣል ወይስ የበሉትን ምግብ ይሸታል? እስቲ ምላስዎን ያሳዩኝ። በእነርሱ አስተሳሰብ ቃር ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱን የሚያስታግሰው ሌላውን ያቀጣጥላል።

አዩርቬዳ ሆድን የሚያየው እንደ ምድጃ ነው። ምግብ የሚፈጨው «አግኒ» በሚሉት እሳት ሲሆን፣ እሳቱ የተስተካከለ፣ የሚንቀለቀል፣ የደከመ፣ ወይም አንዴ ነድዶ አንዴ የሚጠፋ ይሆናል። ሰውነትን ከሚመሩት ሦስት ኃይሎች (ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ) ሙቀቱን የያዘው ፒታ ነው፤ ሐሞት ብንለው ይቀርባል። ፒታ ሲኮመጥጥ ሕመሙ «አምላፒታ» ይባላል፤ «አምላ» ማለት ኮምጣጣ ነው። «ማዳቫ ኒዳና» የተባለው የምርመራ መጽሐፍ ከሺህ ዓመት በፊት ምልክቶቹን ዘርዝሯቸዋል፦ ምግብ አለመፈጨት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ መራራና ኮምጣጣ ግሳት፣ መክበድ፣ የደረትና የጉሮሮ ማቃጠል፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ዛሬ የጨጓራ ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ተቀምጦ የሚናገረው ከዚህ ብዙም አይለይም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት፦ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወካችሁ፣ ምግብ አልዋጥ ካለ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ወይም የደረቱ ሕመም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ባዶ ሆድ ላይ ያቃጥላል፤ ኮምጣጣ ውሃ ወደ አፍ ይመጣል

ይህ የሚንቀለቀለው እሳት ነው። አዩርቬዳ ስድስት ጣዕሞችን ይቆጥራል። ኮምጣጣ፣ ጨዋማና የሚያቃጥል ፒታን ያነሳሉ፤ ጣፋጭ፣ መራራና አፍ የሚያደርቅ ያበርዱታል። በዚህ መለኪያ የእኛን ማዕድ ብናየው ሦስቱም እሳት አንሺዎች አንድ ትሪ ላይ ተገናኝተዋል፦ የቦካ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ጨው። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣው ቡና ሲጨመር እሳቱ ነዳጅ አላጣም። እንጀራ ተዉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ነገር ግን ብዙ ያልቦካ አፍለኛ እንጀራ በአልጫ ለሁለት ሳምንት መሞከር የሚከብድ አይደለም።

በዚህ ላይ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ሚጥሚጣ መጨመር በፍም ላይ ጋዝ እንደ ማርከፍከፍ ነው። የአዩርቬዳ ምርጫ ድንብላል ነው፤ ከየቤታችን የማይጠፋው ያው ድንብላል። አንድ እጅ የተከካ ድንብላል በስድስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ለምሳሌ 20 ግራም በ120 ሚሊ ሊትር። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ተጣርቶ፣ ትንሽ ስኳር ተጨምሮበት በባዶ ሆድ ይጠጣል። አይፈላም፤ ዘዴው «ሂማ» የሚባለው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ድንብላሉ አይቆላ፣ ዱቄቱም የቆየ አይሁን።

ሁለተኛው አማላኪ ነው፤ የህንዱ አረንጓዴ ፍሬ። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ይይዘኛል፦ ፍሬው ኮምጣጣ ነው፤ እንዴት የኮምጣጣ በሽታ መድኃኒት ይሆናል? አዩርቬዳ ምላስ ላይ ያለውን ጣዕምና ከተፈጨ በኋላ የሚቀረውን ይለያል። አማላኪ አፍ ላይ ይኮመጥጣል፤ ሆድ ውስጥ ግን ወደ ጣፋጭነት ተለውጦ ያቀዘቅዛል ይላሉ። ማብራሪያው ለላቦራቶሪ ባይመችም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የኢራን ጥናት ከ68 ሕሙማን መካከል ለአራት ሳምንት አማላኪ የወሰዱት፣ መድኃኒት አልባ ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ ቃራቸው ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ፍንጭ ግን ይሰጣል።

ስለ ወተት ከአዩርቬዳ ሐኪሞቹ ጋር አልስማማም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ያዝዛሉ፤ ለጊዜው ያበርዳል፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ ያስመነጫል። ሌላው የሚታዘዘው የሊኮሪስ ሥር ነው፤ ዓረብ አገር የኖረ ሰው «ዒርቅ ሱስ» በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ሲዘወተር የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምንም ያወርዳል። ግፊት ያለበት አይንካው፤ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

ከምግብ በኋላ ይከብዳል፤ ግሳቱ የበሉትን ይሸታል፤ ምላስ ነጭ ይለብሳል

እሳቱ ደክሟል፤ ያልተፈጨው ቅሪት ደግሞ «አማ» ይባላል። ዝንጅብል ቦታው እዚህ ነው፦ ከምግብ በፊት አንድ ስስ ቁራጭ እርጥብ ዝንጅብል በቁንጥር ጨው። ከዚህም የሚበልጠው መፍትሄ ገንዘብ አያስወጣም፤ እስኪርብ አለመብላት ነው። «ቻራካ ሳምሂታ» የተባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ሆድን ለሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱ ለጠጣር ምግብ፣ አንዱ ለፈሳሽ፣ አንዱ ባዶ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጾም አልቆ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ ላይ ለሚወድቅ ሰው ይህ ሒሳብ ቀልድ ይመስላል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን አይመስልም።

ሌሊት ሲተኙ ይነሳል

እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይበላ። በግራ ጎን ይተኛ። የአልጋው ራስጌ በዚያው በኩል ካሉት የአልጋ እግሮች ሥር በተደረገ ጣውላ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ነገሩን ያባብሰዋል። የናና ሻይ ያቀዘቅዛል ተብሎ ይመከራል፤ የጨጓራን አፍ የሚዘጋውን ጡንቻ ስለሚያላላ ማታ ላይ ባይጠጣ ይሻላል።

የአዩርቬዳ ዱቄት ከተወሰደ በኋላ ተቅማጥ ያዘ

ዕቃው «አቪፓቲካር ቹርና» ከሆነ ነገሩ ስህተት አይደለም። 14 ነገሮች ይገቡበታል፤ ከዕፅዋቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው «ትሪቭሪት» የሚያስቀምጥ ሥር ነው፤ የበዛ ፒታ ወደ ታች ይወርድ ዘንድ የታሰበ ነው። መጠኑን ቀንሱ ወይም አቁሙ። ከ14ቱ አንዱ «ቪዳንጋ» የእንቆቋችን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እዚያም እዚህም የሆድ ትል ማስወጫ ነበር።

የሚያሳስበኝ ተቅማጡ ሳይሆን የማይታየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ስሙ ላይ «ባስማ» የሚል ካያችሁ ከማዕድን ተቃጥሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል አትግዙት። ድንብላሉ ይበቃችኋል።

ሁሉም ተሞክሮ ተመልሶ ይመጣል

የጥንቶቹ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን አያውቁም ነበር። ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያቆስል ያረጋገጡት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ባክቴሪያው ካለ ድንብላልም አማላኪም አያጠፉትም፤ የሚጠፋው በአንቲባዮቲክ ነው። ምርመራው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይደረጋል። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ውጤቱን ስለሚያዛባ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ይቆማል። ስትወስዱ የነበረውን ዱቄትም አትደብቁ፤ ከነማሸጊያው ይዛችሁት ሂዱ።