በሠርግ ቀን የደረትና የእጅ አበባ ሲመረጥና ሲደረግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ ኮት ላይ የሚሰካው ትንሽ አበባ፣ ለእናቶችና ለሴት ሚዜዎች ደግሞ በደረት ወይም በእጅ አንጓ ላይ የሚደረገው፣ በሠርግ ዝግጅት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታወስ ነገር ነው። ሆኖም ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው ገላ ሳይለይ የሚውለውና በፎቶግራፉ ሁሉ የሚታየው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሠርግ አበባ ሳዘጋጅ ያየኋቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ አበባው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚያምር ይታሰባል፣ የሚደረግበት ልብስና የሚያደርገው ሰው ግን ይረሳሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ትልቅ አበባ የበለጠ ክብር ይሰጣል ብሎ ማሰብ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሆለታ አካባቢ የሚበቅለው ጽጌረዳ የአበባው ራስ ትልቅ፣ ግንዱም ረጅም ስለሆነ ለሙሽሪት እቅፍ አበባ እጅግ ተስማሚ ሲሆን፣ ኮት ላይ ሲሰካ ግን ኮሌታውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ዝቅ ባለውና ሞቃት በሆነው በባቱ፣ በቀድሞ ስሙ ዝዋይ፣ የሚመረተው የአበባው ራስ አነስ ያለ ጽጌረዳ ለዚህ ሥራ ይሻላል። በግማሽ የተከፈተ አንድ ፍሬ ጂፕሶፊላ ከሚባለው ጥቃቅን አበባ ጥቂት ታክሎበት ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የፈካ አበባ እኩለ ቀን ሳይደርስ ቅጠሉን መጣል ይጀምራል። ሊሊ የሚመርጥ ሰው ደግሞ በመሐሉ ያሉትን ዱቄት የያዙ ዘንጎች አስቀድሞ ማስነቀል አለበት፤ ያ ብርቱካናማ ዱቄት ነጭ ልብስ ከነካ በቀላሉ አይለቅም።

ሁለተኛው ስህተት አሰካኩ ላይ ነው። አንድ የሙሽሪት አባት ልጃቸውን መኪና ውስጥ ሲያስገቡ፣ በአንድ ስፒል ብቻ የተያዘው አበባቸው ዞሮ ራሱን ወደ ታች ደፍቶ አይቻለሁ፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። አበባው በግራ ኮሌታ ላይ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ባለበት ቦታ፣ ግንዱ ወደ ታች ሆኖ መቀመጥ አለበት። ከዚያም ኮሌታው በትንሹ ይገለበጥና ስፒሉ ከጀርባ በኩል ገብቶ፣ በፕላስተር የተጠቀለለውን ግንድ ወግቶ፣ ተመልሶ ወደ ኮሌታው ጀርባ ይወጣል፤ ጫፉም ደረት እንዳይወጋ ጨርቁ ውስጥ ይደበቃል። ሁለተኛው ስፒል የመጀመሪያውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ሲገባ አበባው መዞር ያቆማል። ይህን ሥራ ሙሽራው ራሱ መስተዋት ፊት ቆሞ እንዲሠራው መተው አይገባም፤ ከሚዜዎቹ አንዱ ከዋዜማው ጀምሮ ቢለማመደው መልካም ነው።

በስፒል ፋንታ ማግኔት መጠቀም ልብስ እንዳይበሳ ይረዳል። ነገር ግን በደረታቸው ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎች ማግኔት ደረታቸው ላይ ማድረግ የለባቸውም። ስለዚህ ለአረጋውያን ከማድረጋችን በፊት በአክብሮት መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በሐበሻ ልብስ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ነው። የእናት ነጠላ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ስስ ጥጥ በመሆኑ የአበባን ክብደት አይሸከምም፤ ስፒሉ ሲነቀል ከጥለቱ አጠገብ ክር ተስቦ፣ የተሸበሸበ ቀጭን መስመር ጥሎ ይሄዳል። ያ መስመር በእጥበት አይጠፋም። ለእናቶች የሚሻለው በእጅ አንጓ ላይ በሰፊ ሪቫን የሚታሰር አበባ ነው፤ ይህም ቢሆን በግራ እጅ መሆን አለበት። በቀኝ እጃቸው እንግዳ ይጨብጣሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ይጎርሳሉ፤ በቀኝ አንጓ የታሰረ አበባ ወጥ ሳይነካው ወደ ማታ አይደርስም። ሪቫኑም አንዲት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፤ በሙቀትና በድካም እጅ ያብጣልና።

ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጽሙ ሙሽሮች ካባ እንደሚደርቡ እየታወቀ፣ የሙሽራው አበባ ከኮቱ ሳይነሣ ካባው ከላይ ሲደረብበት በተደጋጋሚ ይታያል። ሥርዓቱ ተፈጽሞ ካባው ሲወልቅ አበባው ተጨፍልቆ ይገኛል። ካባው ከመደረቡ በፊት ነቅሎ ትንሽ ካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጥና በኋላ መልሶ የሚሰካ አንድ ኃላፊ ሚዜ መመደብ ይበቃል። በካባው የወርቅ ጥልፍ ላይ አበባ መስካት ግን ፈጽሞ አይገባም።

አበባውን ከዋዜማው አንስቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ተገቢ ቢሆንም፣ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ከሙዝ፣ ከፖምና ከቲማቲም ጋር አብሮ ማዋል ያበላሸዋል። የሚበስሉ ፍራፍሬዎች የሚያወጡት ኤቲሊን የተባለው ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጀዋል፤ ካርኔሽን የሚባለው አበባ በተለይ አይችለውም። ብዙ ሠርግ በሚደገስበት በጥር ወር ጠዋቱ ቢቀዘቅዝም የቀኑ ፀሐይና ደረቁ አየር ከውኃ የወጣ አበባን በፍጥነት ያጠወልጋሉ፤ ስለሆነም ሙሽራው ከቤት ሊወጣ ሲል እንጂ ገና በማለዳ ሲለብስ መሰካት የለበትም።

የሙሽራው አበባ ከሚዜዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ እንዳይጠፋ በአንዲት ነገር ይለይ፤ ከእቅፍ አበባው አንድ ፍሬ መውሰድ ይበቃል። በኪስ መሐረብ ላይ አበባ መደራረብም ደረትን ያጨናንቃል።

በመጨረሻም ልክ በሰው ቁጥር ብቻ ማዘዝ ስህተት ነው። ሁለት ሦስት ትርፍ አበባ በእርጥብ ወረቀት ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ። ቀኑን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ አለ፣ ማታ ደግሞ እስክስታው ይመጣል፤ የሙሽራው አበባ በጭፈራው መካከል ሲወድቅ፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት አዲሱን የሚሰካለት ሰው ስፒል ይዞ በአቅራቢያው መገኘት አለበት።