የወየበ የመኪና ቀለምን በቤት፣ በትንሽ ወጪ መመለስ

ሲታጠብ የሚያበራ፣ ሲደርቅ ግን ተመልሶ የሚደበዝዝ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ገና አልሞተም። ውሃው ፊቱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጭረቶች ለጊዜው ሞልቶ ስለሚያለሰልሳቸው ነው የሚያበራው። ፖሊሽም ፊቱን ያለሰልሳል፤ ግን ጭረቱን እየሞላ ሳይሆን ዙሪያውን እየፋቀ ነው። ስለዚህ ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ከቀለሙ ላይ ትንሽ ይነሳል። ያለው ደግሞ ብዙ አይደለም፦ የፋብሪካ ቀለም ከታች እስከ ላይ በጠቅላላው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ የላይኛው ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የአንድ ፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ ይህን ስስ ሽፋን በቁጠባ ለመጠቀም የታሰበ ነው።

ሥራው የሚጀምረው የቀለሙን ዓይነት በመለየት ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብታ ፖሊሽ አድርገው በሩ ግርጌ፣ ዓይን የማይገባ ቦታ ላይ ይሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የሌለው አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ ቆሻሻ ብቻ ከያዘ የሚያሹት ክሊሩን ነው። አንድ ወጥ ቀለም ፀሐይ ሲበዛበት ማጣበቂያው ይፈርስና ዱቄቱ ብቻ ላዩ ላይ ይቀራል፤ እጅ ሲያልፍበት እንደ ጠመኔ የሚቦነው፣ ቀዩ ወደ ሮዝ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሲያዩት ተስፋ ያስቆርጣል እንጂ ለመመለስ ግን ከሁሉም ይቀላል፤ የሞተው ፊት ሲነሳ ከሥሩ ጤነኛው ቀለም ይወጣል። በተቃራኒው ጣሪያው ወይም ኮፈኑ ላይ ክሊሩ ዳር ዳሩ ነጥቶ እንደ ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ገንዘብዎን አያባክኑ። የሚላጥ ክሊር በፖሊሽ አይመለስም፣ እንዲያውም ጠርዙ እየተነሳ ይሰፋል። ያ ክፍል መቀባት አለበት፤ ሌላውን ግን በቤት መሥራት ይቻላል።

አጠባው ላይ አይቸኩሉ። ጥላ ውስጥ፣ ብረቱ በረድ ሲል፣ ሁለት ባልዲ ይዘው ይጀምሩ፦ አንዱ ሻምፑ ያለበት፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹህ ውሃ። ከጣሪያ ወደ ታች ይውረዱ፤ አሸዋ የሚበዛበት ግርጌው መጨረሻ ይታጠብ። ፀሐይ ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት በአብዛኛው የሚመጣው ከእጥበትና ከደረቅ አቧራ ጠረጋ ነው። የሰሃን ፈሳሽ ሳሙና አሮጌ ሰም ስለሚያነሳ ለዚህ አንድ ቀን ይጠቅማል፤ የዘወትር መታጠቢያ ግን አይሁን። ሬንጅ ካለ ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ ነክረው ቦታውን ብቻ ያርጥቡ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይጥረጉና ወዲያው በሳሙና ያጥቡት። ቲነር አይጠቀሙ፤ በተለይ አንድ ጊዜ ተጠግኖ የተቀባ ቦታ ላይ ቀለሙን ሊያለሰልሰው ይችላል።

ከደረቀ በኋላ እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው ኮፈኑን በቀስታ ይዳስሱ። ባዶ እጅ ለስላሳ ያለው ቦታ በፌስታል ሲነካ አሸዋ አሸዋ ካለ፣ ውሃና ሳሙና ያላነሱት ነገር ተጣብቆበታል። ይህን የሚያነሳው ክሌይ የሚባለው እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ ጭቃ ነው። ቦታውን በሻምፑ ውሃ በደንብ አርጥበው ሳይጫኑ ወዲያ ወዲህ ያንሸራቱት፤ ጉርብጥብጡ ሲጠፋ ክሌዩን አጥፈው ንጹሁን ፊት ያውጡ። መሬት ከወደቀ ይጣል፤ የያዘው ጠጠር መኪናውን በሙሉ ይቧጭራል።

ፖሊሽ ከመንካትዎ በፊት የመስኮት ላስቲኮችን፣ ጥቁር ፕላስቲኮችንና የብረቱን ሹል እጥፋቶች በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ፕላስቲክ ላይ የደረቀ ፖሊሽ ወይም ኮምፓውንድ (ሻካራው ፖሊሽ) ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ለማስለቀቅም ያማርራል። እጥፋቶቹ የሚሸፈኑት ደግሞ ቀለም ጠርዝ ላይ ስለሚሳሳ ነው፤ የእሽታው ኃይል በሙሉ እዚያ ያርፍና ሳያስቡት ከሥሩ ያለው ነጭ ወይም ግራጫ ይወጣል።

አሁን 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መሞከሪያ ቦታ ይምረጡና በለዘብተኛው ፖሊሽ ይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሻካራው ቶሎ ይሠራል ብሎ በእሱ ይጀምራል። ለዘብተኛው በቂ ውጤት ከሰጠ ሻካራውን መግዛትም አያስፈልግም፣ ካልሰጠ ብቻ አንድ ደረጃ ይጨምሩ። በእጅ ከሆነ ስፖንጁ ላይ አተር የሚያክሉ ሦስት አራት ጠብታዎች ይበቃሉ። መጀመሪያ ከፊት ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመሩን በመስመር ግማሽ እየደረቡ በመጠነኛ ኃይል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሹ። እንደ ምጣድ አሰሳ ዙሪያውን አይዙሩ፤ ክብ ጭረት ከየትኛውም አቅጣጫ ብርሃን ቢመጣ ይታያል። ፖሊሹ ስስ ዘይት መስሎ ከሥሩ ያለውን ሲያሳይ ሳይደርቅ ማይክሮፋይበር በሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ስፖንጁ የተነሳውን ቀለም እያጠራቀመ ስለሚደድር በየክፍሉ ያጽዱት ወይም ይቀይሩት፤ አንድ ወጥ ቀለም ላይ በጣም ቶሎ ይሞላል።

የተጠረገው ቦታ አበራ ብለው ወዲያው አይመኑ። ፖሊሽ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረት ይሸፍናል። አይሶፕሮፒል አልኮልን ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅለው ይጥረጉትና በስልክ መብራት አግድም ይመልከቱት፤ እውነተኛው ውጤት ያ ነው። ጭጋግ የመሰለ ነገር ከቀረ የሻካራው ኮምፓውንድ ዱካ ስለሆነ በለስላሳው አንድ ዙር ይጨርሱት። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ግን ይቅር። እሱን ለማጥፋት የሚነሳው ቀለም ከጭረቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ማሽን መከራየት ወይም መዋስ ከተቻለ እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ዓይነት ለጀማሪ ይሻላል። ከ6 ፍጥነቶች 4 ወይም 5 ላይ አድርገው በሰከንድ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እየገፉ ቦታውን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሱበት። ስፖንጁ የሚለጠፍበት ሳህን ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር ያስምሩ፤ ሲሠሩ መስመሩ የማይዞር ከሆነ አብዝተው ተጭነዋል፣ ማሽኑም እየተርገበገበ እንጂ እየፋቀ አይደለም። ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ስፖንጅ ርካሽ ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚዞር ያግላል። በዝግታ፣ ሳይቆሙ፣ መዳፍዎን እያሳረፉ ይሥሩ፤ ሙቀቱን መዳፍ ካልቻለው ቀለሙም አይችለውም። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን አያሰራጭም፣ ቀለሙም ከብረቱ ቀድሞ ይቃጠላል፤ እሱን በእጅ ይሥሩት።

ጠጠር የፈነቀላቸውን ነጥቦች ፖሊሽ አይመልሳቸውም፤ በትንሽ ጠርሙስ በሚሸጥ መጠገኛ ቀለም ይሞላሉ። ቀለሙን ከመግዛትዎ በፊት የቀለም ኮዱን ይፈልጉ፤ ብዙ መኪና ላይ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ዝገት ካለ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ንጹህ ብረት እስኪታይ ይፋቁ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ የወጣው ብረት ላይ ፀረ ዝገት ያስነኩ። ቀለሙን በጠርሙሱ ብሩሽ አይቀቡት፤ ወፍራም ነው። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ይዘው ጉድጓዱ መሀል ጣል ያድርጉት፣ ራሱ ይሰራጫል። አንድ ጊዜ ከመሙላት ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ ግማሽ ሰዓት እያስደረቁ መደረብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆንና በኋላ ይሰምጣል። ክሊር ያለው መኪና ከሆነ በመጨረሻ ክሊር ይደረባል። ከሳምንት በኋላ ጎብጦ ከቀረ በ2000 ቁጥር ወረቀት፣ ውሃና ጠብታ ሳሙና ይዘው ጉብታውን ብቻ አስተካክለው በፖሊሽ ያብሩት። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ላጲስ ላይ ይጠቅለል፤ በጣት ከተያዘ ጣቱ ያረፈበትን ቦታ ይቦረቡራል። ሙሉ ክፍል በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ግን የውፍረት መለኪያ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ፖሊሽ ቀለምን ያበራል እንጂ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሰም ይቀቡት። ስስ ይሁን፤ ወፍራም ሰም ለመጥረግ ያደክማል እንጂ ጥበቃ አይጨምርም። ጣትዎን ሲያስኬዱበት ጥርት ብሎ ከተጠረገ ደርቋል፣ ካዘፈዘፈ ይጠብቁ። የተፈጥሮ ሰም ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆያል፣ ሰው ሠራሹ ይበልጣል። ውሃ እየተንከባለለ መውረዱን ትቶ ሲንጣለል ሌላ ዙር ይፈልጋል። ናፍጣ ወይም ዘይት መቀባት ለአንድ ቀን ያሳምራል፤ ከዚያ አቧራውን ይሰበስብና የሚቀጥለውን ጠረጋ ብርጭቆ ወረቀት ያደርገዋል።

ማይክሮፋይበሮቹን ለብቻ፣ ያለ ማለስለሻ ይጠቡ፤ ማለስለሻ ክሩን ይለብሰውና መምጠጥ ያቆማል። የወፍ ኩስ ካረፈ ደግሞ ሳይደርቅ ያንሱት። ከደረቀ እርጥብ ሶፍት አልብሰው አምስት ደቂቃ ይተዉት፤ ሲርስ ሳይጫኑ ወደ ላይ አፍሰው ያንሱት።