የቮልስ ሞተር ሲያንኳኳ፦ ብሮንዝ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

የድሮ ቮልስ፣ 1600 ሞተር የያዘችውን እያሰብኩ ነው የምጽፈው። ሞተሩ ሊታደስ ሲወርድ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ብሮንዝ (የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት ለስላሳ ብረት) ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ! ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሳይለካ የትኛውን ሳይዝ ልትገዙ ነው?

ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራት በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ) ብልጭ ድርግም ይላል

ሞተሩን ገና አታውርዱ። የመብራቱን ስዊች ፈትታችሁ በቦታው የግፊት ጌጅ እሰሩ። ዘይቱ በደንብ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ከ2 ባር በታች ካሳየ ችግሩ እውነት ነው። ጌጁ ጥሩ ካሳየ ግን ስዊቹን ቀይራችሁ ተገላገሉ። ግፊቱ በእርግጥ ዝቅ ካለ የዘይት ፓምፑንና የግፊት ቫልቩን መጀመሪያ እዩ፤ እነሱ በርካሽ ይስተካከላሉ።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፑሌጃው (ቺንጋውን የሚያዞረው ክብ ብረት) ወደ ውጪ ይወጣል

ሞተሩን አጥፉና ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። «ቀጭ» ካለ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተጫወተ ነው። በዳያል ጌጅ ሲለካ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ ከ0.15 ካለፈ አልቋል። ማስተካከያው ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) ሥር ያሉት ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ናቸው። ውፍረታቸው ይለያያል፣ ቁጥራቸው ግን ሁሌም ሦስት ነው። ቮላኖው በኩል ያለው ብሮንዝ ብሎኩ ውስጥ ከላላ ግን ቀለበት አያድናችሁም። ብሎኩ ራሱ መስመሩን ጠብቆ ተቦርቡሮ፣ ውጪው የወፈረ ብሮንዝ ይገባለታል።

ጋዝ ሲሰጥ ከታች የሚመጣ ወፍራም ማንኳኳት

አብዛኛውን ጊዜ የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዝ ነው። ይህች ሞተር ስትሠራ ጀምሮ የወረቀት ፊልተር የላትም፣ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊቱን አልፎ የሄደ ደቃቅ ቆሻሻ ሁሉ ብሮንዙ ላይ ይቀመጥና ክራንክ ሻፍቱን ይፍቃል።

ክራንክ ሻፍቱ ላይ ብሮንዙ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ መላግ (በማሽን ተፍቆ መስተካከል) አለበት። ለስላሳ ከሆነም በማይክሮሜትር ለኩት፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በአራት አቅጣጫ። የቢየላዎቹና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዋና መቀመጫዎች 55፣ አራተኛው 40 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው። በአንዱ መቀመጫ ላይ ልዩነቱ ከ0.03 ካለፈ ክብነቱ ጠፍቷል። ሦስተኛውን ዋና መቀመጫ ለመለካት ሻፍቱ ላይ ያለውን ጊር በፕሬስ ማውጣት ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ሲላግ በ0.25 ሚሊሜትር እርከን ይወርዳል፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75። ብሮንዙም በዚያው ሳይዝ ይገዛል። ለላጊው አንድ ነገር ደጋግማችሁ ንገሩት፦ የመቀመጫው ጥግ ክብ ሆኖ ይቅር። ሹል ጥግ ካለ ክራንክ ሻፍቱ እዚያው ይሰበራል።

እኔ የተቃጠልኩት በሌላ ነው። ከአንድ የቶርኖ ቤት አስልጌ ያመጣሁት ክራንክ ሻፍት ውጪው መስታወት ይመስል ነበር። የዘይት ቀዳዳዎቹን ሳላጥብ ገጠምኩት። ብዙም ሳይቆይ ማንኳኳቱ ተመለሰ። ስፈታው አዲሱ ብሮንዝ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ የመላጊያ ድንጋይ ዱቄት ተለጥፎበታል። አሁን ቀጭን ብሩሽ ቤንዚን እየነከርኩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አሳልፋለሁ፣ ከዚያ በኮምፕረሰር እነፋለሁ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ምንም ቆሻሻ እስከማይወጣ ድረስ።